ማን ማን

ዛሬ መብራት የጠፋው ገና አንድ ሰዓት ከምሽቱ ሳይሞላ ነበር። እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ብዙ ሳይቆይ ይከተለዋል፤ የሚቀረው ከሜዳው በኩል የሚመጣው ነፋስ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ከግማሽ በላይ ስለነበረው፣ ለእህቴ ቃል የገባሁላትን ፎቶግራፎች ወደ ፍላሽ ልገልብጥ ብዬ ተርሚናሉን፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፈትሁ። በማውስ ጎትቶ መጨረስ ሲቻል በትእዛዝ ለመሥራት መነሣቴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሆድ ብሶኝ ስለነበር ነው፤ ሲብሰኝ ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል ብሎ ቁርጡን የሚነግረኝ ነገር እፈልጋለሁ።

የመገልበጫው ትእዛዝ «ሲፒ» ነው። የእገዛ ገጹ አጻጻፉን እንዲህ ያሳያል፦ ሲፒ [ኦፕሽን]... ሶርስ... ዳይሬክተሪ። ኦፕሽን አሠራሩን የሚለውጥ አማራጭ፣ ሶርስ የሚገለበጠው ፋይል፣ ዳይሬክተሪ መድረሻው ፎልደር ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። በእንግሊዝኛው ከትእዛዙ ስም በቀር ሌሎቹ ቃላት በትልልቅ ፊደላት የተጻፉ ናቸው፤ ይህም «ቃሉን እንዳለ አትጻፈው፣ በቦታው የራስህን አስገባ» ማለት ነው። አራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ቢተውም ምንም አይደለም። ሦስቱ ነጥቦች ከእነርሱ ቀድሞ የተጻፈው ሊደጋገም እንደሚችል ይናገራሉ፤ ስለዚህ ኦፕሽኑ ከነጭራሹ ላይኖር ወይም አምስት ሊሆን ይችላል፣ ቅንፍ የሌለው ሶርስ ግን ቢያንስ አንድ ያስፈልገዋል።

ጀማሪ ሳለሁ ይህን ሁሉ ከነቅንፉ እገለብጠው ነበር። አንዳንድ ገጽ ደግሞ የሚተካውን ቃል በ«ያንሳል» እና በ«ይበልጣል» ምልክቶች መካከል ያስቀምጠዋል፤ እነዚያን እንዳሉ ስጽፋቸው ተርሚናሉ ከፋይል አንብብ፣ ወደ ፋይል ጻፍ የሚሉ ትእዛዞች አድርጎ ይወስዳቸውና ስሕተት ብሎ ይመልስልኝ ነበር። ምልክቶቹ የተጻፉት ለማሽኑ ሳይሆን ለእኔ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። እነዚህ ትእዛዞች የመጡበት የዩኒክስ ሥርዓተ ክወና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ጀምሮ የትእዛዙን አጻጻፍ በአጭሩ የሚያሳይ ክፍል ነበረው፤ ማብራሪያውም በገዛ ማሽኔ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ገጾቹን የሚከፍተው ትእዛዝ «ማን» ይባላል፣ የማንዋል አጭሩ ነው፤ ምልክቶቹን ለማወቅ ስለ ራሱ መጠየቅ፣ ማለትም «ማን ማን» ብሎ መጻፍ ነው። ደምቆ የተጻፈውን እንዳለ ጻፍ፣ ያዘነበለውን ተካ፣ በቀጥ ያለ መስመር የተለያዩትን አብረህ አትጠቀም ይላል።

ማን ማን? እገሌ።

እማማ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ የጸሎት መጽሐፋቸውን የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። «ገብርኪ እገሌ» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ፣ እገሌን አንድ የማላውቀው ቅዱስ አድርጌው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳለ እለው ነበር። መተካት የነበረብኝ ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ እገሌ የክርስትና ስማቸው፣ ገብርኪም («ወንድ አገልጋይሽ») ሴት ናቸውና አመትኪ («ሴት አገልጋይሽ») መሆን ነበረበት። መጽሐፉ ገብርኪና አመትኪ ብሎ በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር አላሰመረም፤ አንባቢው ያውቃል ብሎ ትቶታል። አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው ሰምተውኝ እስኪያርሙኝ ድረስ ሁለት ክረምት ሙሉ ለእገሌ ጸልየናል። እማማ አንድ ቀን እንኳ አላረሙኝም። አሁን ሳስበው እዚያ ቦታ ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ስማቸውን በልባቸው እየተኩ ይሆን፣ ወይስ እንደ እኔ እገሌን እየተማጸኑ?

ባትሪው ሊያልቅ ሲል ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። አንድ ፎቶግራፍ ለሙከራ ልኬ ፍላሹን ብከፍተው ባዶ ነው። የጻፍሁትን መልሼ ባየው፣ በመድረሻው ቦታ የፍላሹን ስም ሳይሆን ያንኑ «ዳይሬክተሪ» የሚለውን ቃል በትልልቅ ፊደል ቁጭ አድርጌዋለሁ። ማሽኑም አላረመኝም፤ «ዳይሬክተሪ» የሚባል ፋይል ፈጥሮ ዝም ብሏል።