መጀመሪያ ሽንትህን አምጣ

ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ብሎኛል። ምክንያቱን አላውቀውም። ዝናቡ ይሆናል፤ ወይም ወሩ ሊያልቅ ስለሆነ ይሆናል። ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጣና በክረምት ቡናማ ነው። ጎርፉ ከየማሳው ያጠበውን አፈር ይዞ ይገባበታል። በዘንባባው መንገድ ዳር የሴፍቲኔት (መንግሥት ችግረኛን ሥራ አሠርቶ የሚከፍልበት ፕሮግራም) ሠራተኞች ቦይ ይጠርጋሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንዷ ልጇን እንዳዘለች ጎንበስ ብላ ጭቃ የጠጣ ፌስታል በአካፋ ታወጣለች። ሁለት ሰዎች በአጠገቤ ሲያልፉ አንደኛው፣ «ጠዋት ይጠርጋሉ፣ ከሰዓት ይቅማሉ። መጀመሪያ መርምሮ ነበር መክፈል!» አለ። ጓደኛው ሳቀ።

ማታ ታናሼ በኢሞ ደወለ። አሜሪካ ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። የሚደውለው ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ነው። የሰማሁትን ነገርኩት። ያዝንልኛል ብዬ ነበር።

«እታለም፣ ሰውዬው ምን አጠፋ? እኔንም እኮ ይመረምሩኛል። ሽንቴን በብልቃጥ ሰጥቼ ነው እንጀራዬን የምበላው። ከደመወዜ ታክስ ይቆርጡብኛል። ያንን ታክስ ቁጭ ብሎ የሚበላው ሰው ለምን አይመረመርም?»

ኔትወርኩ ተቆራረጠና ሳንጨርስ ቀረ። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ንግግሩ እውነት አለው። ሌሊት ተነስቶ፣ በበረዶ መንገድ ነድቶ፣ ጀርባው እስኪቆረጥ ሠርቶ የሚያመጣው ገንዘብ ነው። ግን እሱ የሚመረመረው ደመወዝ ስለሚበላ አይደለም። 36 ቶን የሚመዝን መኪና ሕፃናት በሚሄዱበት አውራ ጎዳና ስለሚነዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሹፌሮችን፣ አብራሪዎችን፣ የባቡር ሠራተኞችን እንዲመረመሩ ያስገደደው ለዚህ ነው። የነሱ ስህተት ሌላውን ሰው ይገድላል። ለልጆቿ ዱቄት የምትገዛ እናት ምን ይዛ ማንን ትገጫለች?

ደግሞም ነገሩ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 የፍሎሪዳ አገረ ገዥ ሪክ ስኮት ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጠውን ጊዜያዊ የገንዘብ ድጋፍ የሚያመለክት ሁሉ ሽንቱን እንዲመረመር የሚያዝ ሕግ ፈረሙ። ድጋፉ ለሦስት ሰው ቤተሰብ ቢበዛ በወር 303 ዶላር ነበር። የምርመራውን ክፍያ መጀመሪያ የሚከፍለው ራሱ አመልካቹ ነው። ነጻ ሆኖ ከተገኘ ይመለስለታል። እስቲ አስቡት፤ እጄ ባዶ ነው ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ ከኪሱ እንዲያወጣ ይጠየቃል። ሕጉ የሠራው ለአራት ወር ያህል ነው። ከተመረመሩት 4,086 ሰዎች ውስጥ ዕፅ የተገኘባቸው 108 ናቸው፤ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። ግዛቱ ነጻ ለሆኑት የመለሰው የምርመራ ገንዘብ ከ118,000 ዶላር በላይ ሆነ። ደጋፊዎቹ «ተጠቃሚው ፈርቶ ቀርቶ ነው» አሉ። የቀረም ይኖራል። ግን የቀረው ሰው ልጆች ካሉት፣ እነሱም አብረው ቀሩ ማለት ነው።

ጥቅምት ላይ ፍርድ ቤት ሕጉን አገደው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እገዳውን አጸናው። ዳኞቹ ያሉት በአጭሩ፣ ሰው ድሃ ስለሆነ ብቻ አይጠረጠርም፤ ሳይጠረጠር ደግሞ ገላው አይፈተሽም ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። የፍሎሪዳ ጎረቤት ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለግዛቱ ሥልጣን የሚወዳደሩ ዕጩዎች ሽንታቸውን እንዲያስመረምሩ የሚያዝ ሕግ አውጥታ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ሕጉን ሻረው፤ ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ ተስማምተው። ሥልጣን የሚጠይቅ ሰው ሳይጠረጠር አይፈተሽም ከተባለ፣ ዳቦ የሚጠይቅ ሰው ለምን ይፈተሻል? ይህንን ለታናሼ በጽሑፍ ልኬለታለሁ፤ ገና አላየውም።

የእኔስ ደመወዝ የሚወጣው ከየት ነው? ከመንግሥት ካዝና ነው። ክፍል ገብቼ ሃምሳና ስድሳ የሰው ልጆች አስተምራለሁ። አንድም ቀን ሽንትሽን አምጪ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ቦይ የምትጠርገዋ ሴት ግን ላቧን እያፈሰሰች ሠርታ ነው የምትቀበለው። ከምትቀበለው ላይም 20 በመቶው ለቁጠባ ይያዛል። እሷ ናት እንግዲህ «ተረጂ» የምትባለው።

ደግሞ እዚህ ምን ሊመረመር ነው? ጫት በሕግ አልተከለከለም። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ገበሬ እኮ በመስኖ የሚያለማው ጫት ነው፤ ሌላው ሰብል እንደሱ ስለማያወጣ። አረቄም በየሰፈሩ ነው። የሽንት ምርመራ ደግሞ የሚይዘው ቤት የሚያፈርሰውን አይደለም፤ ሰውነት ውስጥ የሚቆየውን ነው። ካናቢስ አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ይገኝበታል። ቅዳሜ ማታ ደመወዙን በአረቄ የጨረሰ ሰው ግን ሰኞ ተራውን የአልኮል ምርመራ ንጹህ ሆኖ ያልፋል።

እዚህ ላይ ነገሩ በቃ ብዬ ልተኛ ስል ነው ጎረቤቴ ትዝ ያለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፍሎሪዳ ማሰብ አልቻልኩም።

ባሏ ሴፍቲኔት ተመዝግቧል። ሥራው ላይ ሰነፍ የሚባል አይደለም። ክፍያ የገባ ቀን ግን መጀመሪያ ጫት ቤት፣ ከዚያ ጨብሲ፣ ከዚያ ሌሊት በር መደብደብ ነው። እሷ ቀኑን ስለምታውቀው ከባንክ ደጅ ትጠብቀዋለች። አንዳንዴ ይሰጣታል፣ አንዳንዴ ሰው ፊት ያዋርዳታል። የተረፋትን ይዛ የምትመጣው እኔ ጋ ነው። ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ያለውን ቋጠሮ በጥርሷ ትፈታዋለች። ብሩ በላቧ ረጥቦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። አንድ በአንድ እያላቀቀች፣ እያለሰለሰች ጉልበቷ ላይ ትደረድረዋለች። «አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ። እኛ ቤት ከገባ አያድርም» ትለኛለች። እኔም የቡና ጣሳው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሐሙስ የበርበሬ፣ ቅዳሜ የጤፍ እያለች ትወስዳለች።

ባለፈው ቡና እየጠጣን፣ «ምነው መርምረው ገንዘቡን ቢይዙልኝ!» አለች። ልክ እንደ መንገደኛው። ግን እሷ ስትለው ሌላ ነው። የምትፈልገው እሱ እንዲቀጣ አይደለም፤ ገንዘቡ ቤት እንዲደርስ ነው።

የፍሎሪዳው ሕግ እንኳን ይህንን አስቦት ነበር። ወላጅ በምርመራው ከወደቀ የልጆቹን ድርሻ ሌላ ሰው እንዲቀበልላቸው ይፈቅዳል። ያ ሰውም ሽንቱን ማስመርመር አለበት። የወደቀው ደግሞ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ታክሞ ከጨረሰ በስድስት ወር መልሶ ማመልከት ይችላል። ሕክምናውን ግን ግዛቱ አይከፍልም። በሽታህን አየሁት፣ መድኃኒቱን ራስህ ፈልግ እንደማለት ነው። እዚህም ቢሆን ከሱስ ልውጣ የሚል ሰው የት ይሂድ? የኛን ሰው እናቱ ጸበል ወስዳው ነበር። እዚያ እያለ ደህና ሆነ፤ ፊቱ ሁሉ ጠርቶ መጣ። የተመለሰው ግን እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ጓደኞቹ መሃል ነው። ብዙም አልቆየ። ያን ጊዜ አንድ የሚከታተለው ሐኪም፣ አንድ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀው ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ። ምርመራ ከተባለ እንዲህ ያለው ይሁን። ሰውን ከመዝገብ ለማውጣት ሳይሆን ለማትረፍ።

ዛሬ ከሐይቁ ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ሰኞ አብረሽኝ ቀበሌ ሂጂ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ይሰሙሻል። ክፍያው በእኔ ስም ይሁን ብለሽ አስረጂልኝ» አለች። እሺ አልኳት። እሺ ካልኩ በኋላ ነው የገባኝ። ለምን በእሷ ስም እንደሚሆን ይጠይቁናል። ለምን የሚለውን ለመመለስ ስለ ጫቱና ስለ አረቄው መናገር ሊኖርብን ነው። ድሃውን የሚመርጠው ኮሚቴ የሰፈር ሰው ነው። ከመሃላቸው እንደዛ መንገደኛ የሚያስብ አንድ ሰው አይጠፋም። «ታዲያ ለቃሚ ነው እንዴ የምንከፍለው? ለሌላ ችግረኛ ይሰጥ» ቢልስ? ተራ የሚጠብቅ ስንት ቤተሰብ አለ። ክፍያው በእሷ ስም እንዲሆን ሄደን፣ ጭራሽ ስማቸው ተሰርዞ ብንመለስ ሦስቱ ልጆች ምን ይበላሉ?

ዝም ብል ደግሞ ክፍያ በገባ ቁጥር ባንክ ደጅ መቆሟ ነው። ሰኞ ሄጄ ልናገር? ወይስ ጣሳውን ይዤ ልቀመጥ?