ሽታው ጠፋ

ሽታው መጥፋቱን የነገረን ራሱ ነው። ደስ ብሎት ነበር።

ጊዜው ጥቅምት ነው። ጣና ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ይዞ እስከ አፍ ገደፉ የሚሞላው በዚያ ሰሞን ነው። ሐይቅ ዳር ያለ ግቢ ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ያወጣል። እኔ ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የሐይቅ ዳር ማረፊያ የጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ቅዳሜ ሰርግ አለ። ሐሙስ ዕለት የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ሴፕቲክ ታንክ ሞልቶ ድንኳን የሚተከልበት ሣር ላይ መፍሰስ ጀመረ። መምጠጫ መኪና መጥቶ የቻለውን ያህል መጠጠ። ታች የቀረው እንደ አጥሚት የወፈረ ዝቃጭ ግን ፓምፑን አንቆ ያዘው። አለቃችን ስልክ ደውሎ «ዛሬ ያልቃል አይደል?» አለን። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አልነበረም።

ክዳኑን ከፍተን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ያኔ ለእኛ ትልቅ ጥንቃቄ ማለት ይኼ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። የሚገባው ከሁላችንም ቀጠን ያለው ልጅ እንዲሆን ተስማማን። የታንኩ አፍ ጠባብ ነዋ። ሰው የመረጥንበት መስፈርት ይኼ ብቻ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የግቢው ዘበኛ ክዳኑ ሲከፈት አይተው ከበር ተነሥተው መጡ። የቆቦ ሰው ናቸው። ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። ጀልባ የሚታሰርበትን ገመድ ትከሻቸው ላይ ጥለዋል።

«ይህን ሳትታጠቅ አትገባም» አሉት ልጁን።

«አያ፣ ሦስት ሜትር እኮ አይሞላም።»

«ሰምተኸኛል።»

እሳቸውን ላለማስቀየም ብሎ ወገቡ ላይ ቋጠረው። እየሳቀ ነበር።

በመሰላል ወረደ። ፓምፑ ዙሪያ ያለውን ዝቃጭ በአካፋ ማንሣት ጀመረ። ሁለቴ ወይ ሦስቴ ቢቆፍር ነው። ከዚያ ቀና ብሎ «ኧረ ሽታው ጠፋ! ንጹሕ ሆኗል» አለን። እኛም ከላይ «ጎሽ!» አልነው። አካፋውን መልሶ ሰደደው። ወዲያው ጉልበቱ ሸብረክ አለ። አልጮኸም፣ አላሳለም፣ እጁን እንኳ አላነሣም። እንደ ረጠበ ልብስ ባለበት ተጣጠፈ።

እኔ መሰላሉ ላይ ነበርኩ። መቼ እንደወጣሁበት አላውቅም። አስቤ ወስኜ ሳይሆን እግሬ ነው የወሰነው። አያ ከኋላ ቀበቶዬን ጨምድደው መሬት ላይ ጣሉኝ። ስልሳ ያለፋቸው ሰው ያን ጉልበት ከየት እንዳመጡት እንጃ። ተነሥቼ ልሰድባቸው ስል ገመዱን እጄ ላይ ወረወሩት። «ሳብ!»

ለሦስት ሳብነው። አፉ ድረስ መጣልንና እዚያ ተቀረቀረ። ወገቡ ላይ የታሰረ ሰው ሲሳብ ለሁለት ይታጠፋል። የታጠፈ ሰው ደግሞ በጠባብ አፍ አያልፍም። ይህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ ዛሬም አላምንም። ትንፋሻችንን ይዘን እጃችንን ሰደድንና በብብቱ ጎትተን አወጣነው። ሣሩ ላይ ትንፋሹ ተመለሰ። አራት ቀን ሐኪም ቤት ተኛ። አንድ ጎድኑ ተሰብሯል፤ የሰበርነው እኛ ነን። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ሴፕቲክ ታንክ ሲነሣበት ወሬ ይቀይራል።

ሰርጉ በቀኑ ተደገሰ።

ነገሩ ምን እንደነበር በኋላ ነው የተማርኩት። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ከአየር ከበድ ስለሚል ታች ይተኛል። ዝቃጩ ውስጥ ታፍኖ ይቆይና ሲነካካ ይለቀቃል። ጥቂት ሲሆን ይሸታል። መቶ ፒፒኤም አካባቢ፣ ማለትም ከሚሊዮን የአየር ክፍል መቶው ያህል ሲደርስ ግን የማሽተቻውን ነርቭ ስለሚያደነዝዘው ሰው ምንም አይሸተውም። ልጁ «ንጹሕ ሆኗል» ያለን ጋዙ ጨምሮ ጨምሮ አፍንጫውን ከሥራ ሲያስወጣው ነው። ከ700 ካለፈ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ክዳን ከፍቶ መጠበቁም ለዚህ ፋይዳ የለውም፤ ሊለቀቅ የሚችለው ገና ዝቃጩ ውስጥ ነበራ።

አያ ግን ይህን ሁሉ ሳይማሩ ያውቁ ነበር። በኋላ ሻይ እየጠጣን ጠየቅኋቸው። በአገራቸው ማሽላ ከመሬት በታች በጉድጓድ ይቀመጣል። እህሉ ራሱ ስለሚተነፍስ ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ ኦክስጅኑ ያልቅና በሌላ አየር ይሞላል። «ሲከፈት ይተነፍስ ተብሎ ይተዋል» አሉኝ። «ከዚያ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ከጠፋ ማንም አይገባም። አንዱ ገብቶ ከወደቀ ግን ወንድሙ ይገባል። ወንድሙ ሲወድቅ አባቱ ይገባል።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ከአንድ ቤት ሁለት ሬሳ ሲወጣ አይቻለሁ።»

አያን አከብራቸዋለሁ። የኩራዙን ነገር ግን ሠልጣኞች ፊት ሳነሣ ቶሎ ብዬ አስተካክላለሁ። ለእህል ጉድጓድ ሊሠራ ይችላል። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ግን ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ስላለ እሳት ማውረድ ማለት ፈንጂ ማውረድ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ኩራዙ ቦግ ብሎ እየበራ ሰው ይገድላል።

አሁን ሥራዬ ማሠልጠን ነው። ታንክ፣ ማንሆልና ጉድጓድ የሚገቡ ሠራተኞችን አስተምራለሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብና መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ከልቡ፣ አንዳንዱም ለወረቀቱ ብሎ ይጠራኛል። የመለኪያውን ነገር ማስተማር ቀላል ነው። ላይ፣ መሃል፣ ታች ትለካለህ። ኦክስጅን ከአየሩ 20.9 በመቶ ካልሆነ ለምን ብለህ ትጠይቃለህ፣ ከ19.5 ከወረደ አትገባም። ሥራው እስኪያልቅ መለኪያው ከሰውየው ደረት ላይ አይወርድም። አንድ ጊዜ አንድ ሠልጣኝ «ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ 20.9 ያሳያል እንዴ?» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። ያሳያል፤ መቶኛው አይለወጥም። አየሩ ራሱ ግን ሳሳ ያለ ስለሆነ እዚህ 19.5 ላይ የሚተነፍስ ሰው የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ያነሰ ነው።

አስቸጋሪው እግርን ማስተማር ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላዩ ሊያድኑ የገቡ ናቸው ብሏል። ይህን ቁጥር ስናገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ይጽፋል። ገብቶታል። ከሰዓት በኋላ ወደ መስክ እንወጣለን።

ባለፈው የወሰድኳቸው ገና ውሃ ያልገባበት የውሃ ማጠራቀሚያ ጋ ነው። ለክተናል፣ ማራገቢያው ይሠራል። ታች ያለው ሰው በምልክቴ እንዲወድቅ በድብቅ ተነጋግረናል። ወደቀ። ከዘጠኙ አምስቱ ሮጡ። አፉ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ትከሻቸውን እየነካሁ «ሞተሃል» እላለሁ። «አንተም። አንቺም።»

አንዱ ተቆጣ። «ታዲያ ጓደኛዬ ሲሞት ቆሜ ልየው? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ የለኝም። ሰው ሲወድቅ ሮጠን እያነሣን ነው ያደግነው። መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው ለማንሣት ታክሲ አስቁሞ የሚወርድ ሕዝብ ነው። «ቁም» ብለህ ብቻ አታቆመውም። ስለዚህ ለእጁ ሥራ እሰጠዋለሁ። ሦስት እግር ያለው ማንሻ አፉ ላይ ይተከላል፣ ገመዱ ከትከሻ ቀበቶው ቀለበት ይያያዛል፣ ማንሻው በእጅ ይዞራል። ውጭ የሚቆመው ሰው ፊሽካ ይነፋል፣ ያዞራል፣ ስልክ ያስደውላል። አይገባም።

በሁለተኛው ዙር ውጭ እንድትጠብቅ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መደብኩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ናት። ሰውየው ሲወድቅ ፊሽካውን ነፋች። አንድ እርምጃ ወደ አፉ ሄደች። ቆመች። ተመልሳ እጀታውን ያዘች። የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ዝም ብላ ታዞራለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ቀጥ ብሎ በአፉ ወጣ። አልታጠፈም። ፈገግ ብሎ «ደህና ነኝ እኮ እህቴ» ሲላት በሻርፗ ፊቱን መታችው። ከዚያ እንባዋ መጣ።

አያ ያን ቀን አብረውኝ ነበሩ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ስጠራቸው ይመጣሉ። የትከሻ ቀበቶውን አንሥተው ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አደረጉ። የኋላ ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይኼ ስንት ነው?»

ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«የዚያን ቅዳሜ ኬክ ከመኪና ያወረድኩት እኔ ነበርኩ» አሉኝ። «ሹፌሩ ዋጋውን ነግሮኛል።»