ገንዳው በክረምት

ካዛንቺስ ያለው ግቢያችን ውስጥ ትንሽ የመዋኛ ገንዳ አለች። ክረምት ሲገባ «ማን ሊዋኝባት ነው፣ ተዋት» ይሉኛል። እኔ ግን ይበልጥ የምከታተላት ያኔ ነው። ዝናቡ ክሎሪኑን ያቀጥነዋል፣ የሚረግፈው ቅጠል ደግሞ ይጨርሰዋል። ትንሽ ችላ ካሏት ግድግዳው በእጅ ሲነካ ያሟልጫል። አልጌ፣ ያ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ ጀመረ ማለት ነው፤ ቶሎ በብሩሽ መፈተግ ነው።

መጀመሪያ የምለካው ፒኤች፣ ማለትም የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር ነው። ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ ክሎሪን ብትጨምሩም አቅም አይኖረውም። ነፃ ክሎሪኑ፣ ማለትም ገና ከቆሻሻ ጋር ያልተዋሃደው፣ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ይበቃል። የምጨምረው ማታ ነው፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀን የተጨመረውን ቶሎ ታጠፋዋለች።

ውሃው ሲሸትና ዓይን ሲያቃጥል ሰው «ክሎሪን በዛ» ይላል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ ክሎራሚን ሆኗል። ስለዚህ ልጆቹ ቢያኮርፉም ሰውነታቸውን ሳይታጠቡ አላስገባም።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። እንደመጣ ወዲያው አስነሳዋለሁ፤ የቆመ ውሃ ቶሎ ይበላሻል።

አንድ ነገር አደራ፦ አሲድና ክሎሪን በአንድ ባልዲ እንዳትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።