የአይ-አይ ጣት

ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። አይ-አይ! እኛ ሰው ስንታዘብ የምንለውን፣ ማዳጋስካሮች ሌሊት ለሚወጣ አንድ የጦጣ ዘመድ፣ ለሌሙር፣ ሰጥተውታል።

ከአዲስ አበባ አንታናናሪቮ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ በመኪና፣ ከማናምባቶ ደግሞ በጀልባ። የመኪናውን ጠመዝማዛ መንገድ አልተርክም፤ ሆዴ እስካሁን አልረሳውም። ያረፍነው አምፒታቤ ሐይቅ ዳር ነው። ሲመሽ ጥቂት አይ-አዮች ወዳሉባት ትንሽ ደሴት ተሻገርን። ባለጀልባው ግን አልወርድም አለ።

አስጎብኚያችን የተፈለጠ ኮኮናት ግንድ ላይ አስቀምጦ ዝም እንድንል በምልክት ነገረን። ትንኝ ሲበላን ቆየ። ከዚያ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ።

እውነቱን ልናገር፣ ቆንጆ አይደለም። ድመት ያክላል፣ ጆሮው የሌሊት ወፍ፣ ጸጉሩ ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ጸጉር ይመስላል። ዓይኔ ግን ጣቱ ላይ ቀረ። የመሃል ጣቱ ሥጋ የለውም፤ የደረቀ ጭራሮ ነው። ኮኮናቱ ውስጥ እየነከረ ወደ አፉ ሲያመላልስ ፍጥነቱ ዓይን አይከተለውም። በዚሁ ጣት የዛፍ ቅርፊት ቆርቆር ያደርግና ያዳምጣል። ውስጡ ባዶ ከሆነ ማደግ በማያቆሙት የፊት ጥርሶቹ ይቦረቡርና ትሉን በጣቱ ጎትቶ ያወጣል። ማዳጋስካር ግንደ ቆርቁር የላትም፤ ሥራውን እሱ ይዞታል።

ጣጣው ያው ጣት ነው። ብዙ መንደር ውስጥ አይ-አይ ጣቱን የቀሰረበት ሰው ይሞታል ይባላል፤ ስለዚህ ሲያገኙት የሚገድሉት አሉ። ልስቅ ስል ጉጉት ጣሪያችን ላይ ስትጮህ አያቴ ከምድጃ ትንታግ አንስታ የምትወረውረው ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ።

በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ጨርሶ ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ በ1957 እንደገና ተገኘ። በ1960ዎቹ ዘጠኝ አይ-አዮች ኖሲ ማንጋቤ ወደምትባል ደሴት ተወስደው ተለቀቁ። ዋናው ምድር ላይ ግን ጫካው ለሩዝ እርሻ እየተቃጠለ ነው። እናቲቱ ደግሞ የምትወልደው በሁለት ሦስት ዓመት አንድ ነው፤ የሞተው ቶሎ አይተካም።

ስንመለስ ባለጀልባው በአስጎብኚው በኩል አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ወደ አንተ ጠቁሞ ነበር?»

«ኧረ ኮኮናቱን እንኳ አልጨረሰም» አልኩት።

ትንሽ አየኝና ሞተሩን አስነሳ።