ሁለት ቁልፍ በአንድ ቀለበት

የዛሬ ዓመት የመኪና ቁልፍ ለእኔ ብረት ብቻ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ለአንድ ጎረቤቴ ቁልፍ ፕሮግራም አደረግሁ፣ ማለትም መኪናው ቁልፉን እንዲያውቀው አደረግሁ፤ በቁጥር አምስተኛዬ ነው። ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ።

አጀማመሬ አጭር ነው። ከአውሮፓ ለመጣችው ቶዮታ ያሪሴ መርካቶ ትርፍ ቁልፍ አስቀረጽኩ። በሩን ከፈተ፣ ሞተሪኖውን አዞረ፣ ሞተሩ ግን እምቢ አለ። ቁልፍ ውስጥ ቺፕ የሚባል ነገር መኖሩን ያን ቀን ሰማሁ። ባዶ ቺፕና ኦቢዲ (የመኪናው መመርመሪያ ሶኬት) ላይ የሚሰካ ርካሽ መሣሪያ ገዛሁ። ሁለቴ ከሽፎብኝ በሦስተኛው ገባ።

ብዙ ሰው ሞተር አልነሳ ሲል የሪሞቱን ባትሪ ይቀይራል። አይገናኙም። ቺፑ ባትሪ የለውም። ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ የከበበ የሽቦ ቀለበት አለ፤ ኃይል የሚሰጠው እሱ ነው። ቺፑ ነቅቶ ለመኪናው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። መልሱ ልክ ካልሆነ ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም።

መከራዬ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በደስታ አዲሱንና አሮጌውን ቁልፍ አንድ መያዣ ላይ አንጠለጠልኳቸው። ጠዋት ትነሳለች፣ ቀትር ላይ ትለግማለች፣ ማታ ምንም እንዳልሆነች ትሆናለች። መካኒኩ «የነዳጅ ፓምፓ ነው» አለኝ፤ ተቀየረ። ካንዴላም ተቀየረ። ያው ናት። አንዱ ደግሞ «መኪናዋ የምታውቀውን ቺፕ ከመሪው ስር፣ ቀለበቱ አጠገብ ለጥፈህ ተገላገል» ብሎ መከረኝ። ሰማሁት። ጭራሽ ባሰባት፤ ከቀናት በኋላ አነሳሁት።

ያኔ የምወዳትን መሣሪያ አገኘሁ፤ ጥቅል ሽቦና ትንሽ መብራት ያላት ካርድ። ቁልፍ ሲገባ ቀዳዳው አጠገብ ትያዛለች፤ ቀለበቱ ኃይል ከላከ ብልጭ ትላለች። ሁሌም ብልጭ አለች። ቀለበቱ ደህና ነው ማለት ነው። እኔ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቼ ግራ እንደገባኝ ነኝ።

መፍትሔው ከባለቤቴ መጣ፤ ያውም ሳታውቀው። አንድ ቀን አሮጌውን ቁልፍ ከመያዣው አውጥታ ይዛው ሄደች። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ አንዴም አላስቸገረችኝም። ማታ ቁልፉ ተመለሰ፤ ችግሩም አብሮ ተመለሰ። ለካ ሁለቱም ቺፖች ከቀለበቱ ኃይል እየወሰዱ እኩል ያወራሉ፤ መኪናዋ የማንንም አትሰማም። መሪ ስር የለጠፍኩት ደግሞ ሦስተኛ ወሬኛ ነበር።

መካኒኩን ልቆጣው አሰብኩ። ግን ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የቁልፍ መብራት አልጠፋ ስትል ያላየኋት እኔ ነኝ። ቁልፉ ሲታወቅ መጥፋት አለባት። ካልጠፋች ፓምፓ አትንኩ።

ቺፕ ለጥፎ መገላገልን አሁን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ለቀናት ያደረግኩት ራሴ ብሆንም። አዎ፣ የእኛ 4ዲ የሚባለው ቺፕ አሮጌ ነው። የምስጢር ቁጥሩ 40 ቢት ብቻ፣ ለዛሬ አጭር ነው፤ የዚህን ቤተሰብ ቺፕ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰብረው አሳይተዋል። ሽቦ አገናኝቶ ለሚያስነሳ ሌባ ግን ዛሬም ግድግዳ ነው። ለጥፋችሁት ስትሄዱ በቁልፋችሁ ልክ የተቀረጸ ማንኛውም ብረት መኪናችሁን ያስነሳል።

ሌላ ምክር? የቁልፉን ፕላስቲክ ቤት ስትቀይሩ አሮጌውን ሳትጥሉ ውስጡን እዩ፤ ቺፑ ጥፍር የምታህል ጥቁር ፍሬ ናት። እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ።

አሮጌው ፓምፓ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። ምንም አልሆነም፤ የሚፈልግ ካለ።