አሸዋው ለላይኛው፣ ደለሉ ለታችኛው

ወልድያ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ እንቅልፍ የሚባል የለም፤ ልቤ ዘንድሮ ጎርፍ ማሳቸውን የቀበረባቸውን ሰዎች ልንጠይቅ የሄድንበት ቆቦ ሜዳ ቀርቷል። እዚያ ጎርፍ ከዝናብ ጋር አይመጣም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ እየከረረ፣ ደጋ ላይ የዘነበው በሆርማት ወይም በጎሊና ወንዝ ወርዶ ድንገት ይደርሳል። ቀድሞ የሚሰማው ድምፁ ነው። ወንዝ ውስጥ ሥራ ሲኖር ሥራው ወደ ላይ ማየትና ማዳመጥ ብቻ የሆነ አንድ ሰው የሚመደበው ለዚህ ነው። ያ ሰው ድንጋይ አያነሳም።

ለእርዳታ የተጫነው እንደ ሁልጊዜው ሩዝና ልብስ ነበር። ክፉ አይደለም። ማሳቸው የተቀበረባቸው ሽማግሌዎች ግን ጠያቂውን “አብሽሩ” እያሉ ሲያጽናኑ ማየት ያማል፤ እዚያ ቆሞ ደግሞ ስለ ሩዝ ማሰብ አይቻልም። አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ማለት ነው፣ 30 ሳንቲሜትር አሸዋ ቢተኛበት 750 ሜትር ኩብ ይሆናል። ወደ 1,200 ቶን ነው፤ 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ 240 ምልልስ። ይህን በአካፋና በቃሬዛ ለማንሳት የሰው ጉልበት መጥራት ግፍ ነው። መጀመሪያ መለካት ይሻላል፤ በየአሥር እርምጃው ጉድጓድ ቆፍሮ የድሮው አፈር እስኪወጣ ማየት። አሸዋው ከግማሽ ስንዝር ካልበለጠ ማረሻው ከታች ካለው አፈር ጋር ይቀላቅለዋል፤ ሁለት ሦስቴ ደጋግሞ ማረስ ነው። ከበለጠ ግን ለዚህ ዓመት ሁሉን ትቶ ለቤት ቀረብ ያለች ትንሽ ቦታ መርጦ እሷን ብቻ ማጽዳት።

ሌላው ቀን መቁጠር ነው። ደጋሊት የሚባለው የማሽላ ዓይነት በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳር መሬት ላይ ይቆያል፤ ሐምሌ ላይ ጎርፍ ከወሰደው እሱን መልሶ መዝራት የለም። ጤፍ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቢዘራ ይደርሳል፤ ለጥማድ 6 ወይም 7 ኪሎ ዘር ይበቃዋል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የሚመጣ የእርዳታ ጤፍ ዘር ግን ይበላል ወይም ገበያ ይወጣል፤ ዝናቡ ሊቆም ነውና ገበሬው ምን ያድርግ? ከዚያ በኋላ ጥቁር አፈር ያለው በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። የማሽላውን አገዳ ደግሞ የሚያስብለት የለም። አገዳው የበሬው መኖ ነበር። መኖ ሲጠፋ በሬው በርካሽ ይሸጣል፣ በሬ የሸጠ ሰው ደግሞ በመጪው ሚያዝያ አያርስም። እኔ ብጠየቅ ከልብሱ በፊት አንድ መኪና ድርቆሽ እጭን ነበር።

ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር ማለት ነው፣ ከየቤቱ ሰው ጠርቶ ጋቢዮን፣ ማለትም በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሣጥን፣ ተጀምሯል። አንዱ ሣጥን 2 ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ቁመት አለው፤ ከ3 ቶን በላይ ድንጋይ ይበላል። የሽቦው ቀዳዳ 8 በ10 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከዚያ ያነሰው ድንጋይ ይሾልካል። ጎርፉ ራሱ ያመጣው ድንጋይ በቅርብ አለ፣ ግን ክብ ነው፤ ይንሸራተታል። ጠርዝ ያለውን ለፊት ለፊቱ መርጦ፣ ክቡን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ በእጅ መደርደር እንጂ ከቃሬዛ መድፋት አይገባም። ሲሶው ሲሞላ ፊቱንና ጀርባውን በውስጥ በሽቦ ማሰር፣ ሁለት ሲሶ ላይ መድገም። ይህ ከተዘለለ ሣጥኑ ሆዱን ይነፋል። ወንዙን አቋርጦ የሚሠራ ከሆነ መሐሉ ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይላል፣ ክንፎቹ ገደሉ ውስጥ ይገባሉ፤ አለዚያ ውሃው ዞሮ ይሄዳል። ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ድንጋይ ካልተነጠፈ ደግሞ ሥሩን ይቦረቡረዋል። ጋቢዮን ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ከላይ ተገፍቶ አይደለም፣ ከሥሩ ተበልቶ ነው።

ይህ ሁሉ የሚለመድ ሙያ ነው። የሚከብደው የት ይቁም የሚለው ነው።

ምክንያቱም ጎርፍ እዚያ ጠላት ብቻ አይደለም። በ1966ም በ1977ም ወሎን የጨረሰው የውሃ መጥፋት ነው። የቆቦ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሽላ ሲያጠጣ ኖሯል። የድሮው ጠለፋ አፈር፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ነው፤ ውሃው ሲበረታ ይፈርሳል፣ መፍረሱም ማሳውን ያድናል፣ ከባዱ ጎርፍ ወደ ወንዙ ይመለሳልና። በየጊዜው እንደገና መሥራት አድካሚ ነው። የማይፈርስ ነገር ሲተከል ግን ከባዱም ጎርፍ አሸዋውን ይዞ ወደ ቦዩ ይገባል።

ዘንድሮ ወንዙ መታጠፊያው ላይ ዳሩን ሰብሮ ወጣ። ውሃ ፍጥነቱ ሲቀንስ ቋጥኙን ቀድሞ ይጥላል፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ ደለሉን ግን ርቆ ይወስደዋል። ስለዚህ ስብራቱ አፍ ላይ ያሉት ማሳዎች በድንጋይና በአሸዋ ተቀበሩ። ከታች ያሉት፣ ጎርፍ ደርሷቸው የማያውቁት፣ እርጥበት የያዘ ወፍራም ጥቁር ደለል አገኙ። ሽምብራ ሊዘሩበት ነው። ላይኞቹ “ስብራቱ ይዘጋ” ይላሉ፤ ሐቅ አላቸው። ታችኞቹ ዝም ብለው ድንጋይ ያቀብላሉ፤ ቅሬው አንድ ነዋ።

ከታችኞቹ አንዲት እናት ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ “ስትዘጉት ለእኛ ትንሽ ቀዳዳ አትተዉልንም?” አሉ። ቀዳዳ የተተወለት ጋቢዮን እዚያው ቀዳዳው ላይ ይበላል። ከላይ በኩል ሌላ ጠለፋ ቢወጣላቸውስ? የሚወጣው በማን ማሳ ላይ ነው? ነገ ጧት ሽቦው ይዘረጋል፤ ምን ልበላቸው?