ከብት ያቆየው ሜዳ
እኛ ጎንደሮች ቅርስ ሲባል ቀድሞ የሚታየን የፋሲል ግቢ ነው። በባልቲክ ባሕር ላይ ከምትገኘው የስዊድን ደሴት ከኧላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ግን ቤተ መንግሥት ሳይሆን ገበሬው ዛሬም የሚያርሰውና ከብቱን የሚያሰማራበት ደቡባዊው ክፍል ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስለ አካባቢው ያገኘሁትን ሁሉ በጉጉት አነባለሁ።

የደቡብ ኧላንድን ኑሮ የወሰነው አፈሩ ነው። መሀሉን የያዘው ስቶራ አልቫሬት የሚባል ሰፊ የኖራ ድንጋይ ሜዳ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ድንጋዩን የሸፈነው አፈር ከጥቂት ጣት ስለማያልፍ ማረሻ አይገባበትም። ስለዚህ ገበሬዎቹ ለም አፈር ባለበት ዳርቻ ቤታቸውን በመንገድ ዳር ተራ በተራ ሠርተው፣ እርሻቸውን ከመንደሩ አጠገብ አድርገው፣ ሜዳውን ለወል ግጦሽ ተዉት። ማሳውን ከግጦሹ የሚለየው ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ አጥር ነው፤ ይህ ለወገራ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

እ.ኤ.አ. ከ1569 እስከ 1801 ደሴቲቱ በሙሉ የንጉሥ አደን ክልል ስለነበረች፣ ገበሬው ሰብሉን የሚበላበትን አጋዘን እንኳ መግደል አይፈቀድለትም ነበር። ጭላዳ ገብሱን ሲያወድምበት የኖረ የስሜን ገበሬ ይህን መከራ ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን በኋላ የሆነው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግጦሹ ሲቀንስ ጽድና ቁጥቋጦ ሜዳውን ወረረው፤ ብርሃን የሚሹት የሜዳው ብርቅ አበቦችም በጥላ ተዋጡ። መፍትሔው ቁጥቋጦውን መንጥሮ ከብትና በግ መመለስ ሆነ፤ ለሚያሰማራውም ገበሬ ከአውሮፓ ኅብረት ድጎማ ይከፈለዋል። በእኛ ስሜን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ የቆየበት አንዱ ምክንያት ልቅ ግጦሽ ነበር። በእኔ እምነት ልዩነቱ ያለው በከብቱ ላይ ሳይሆን በልኩና በሥርዓቱ ላይ ነው፤ የኧላንድን ሜዳ ሜዳ አድርጎ ያቆየው ግጦሽ፣ ልክ ሲያጣ የስሜንን ጓሳ ይጨርሳል።

ኮንሶ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ጌዴኦ እ.ኤ.አ. በ2023 በገበሬው እጅ በተሠራ መልክዓ ምድራቸው ተመዝግበዋል። የጎንደር ገጠርም ቢያንስ በወጉ ሊጠና ይገባዋል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ጥናቱም ከወል ግጦሹ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ የትኛው መስክ መቼ እንደሚከለልና መቼ ለከብት እንደሚከፈት፣ ደንቡን የጣሰስ በምን እንደሚቀጣ የሚያውቁት የየአጥቢያው ሽማግሌዎች ተጠይቀው ቃላቸው በጽሑፍ ይያዝ።